ኮትህ፣ ኮትዎ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ትራሙ ዘገየብኝ። እግሬ በረዶ ሆነ። ካንቲን ስደርስ የባቄላ ሾርባው አልቋል... አንድ ቂጣ በአይብ ገዝቼ ቆሜ በላሁ።

አዲሱን ኦፔራ ዛሬ አደሉን። «የላይኛው ክፍል» ይባላል። ከምን የተወሰደ? ከጀርመንኛ ልብ ወለድ! ሌላ ከምን ይሆናል... አቻምና በበረዶ ስለጠፋ አስተማሪ ነበር፣ ከጀርመንኛ። አምና ሚስቱን ስለሚሰልል ፋርማሲስት፣ ከጀርመንኛ። የሃንጋሪ ደራሲ በሙሉ እጁ ተቆርጧል እንዴ? ፖስተሩ ላይ ግን በትልልቅ ፊደል «አዲስ የሃንጋሪ ኦፔራ» ይላል። ሰው ቤት የበሰለ፣ እኛ ቤት የቀረበ።

አቀናባሪው ቦግናር ዛላን። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በርሊን ተምሮ አንገት ልብስና ትዕቢት ይዞ የተመለሰ። የዘፈኑን ቃል ራሱ ነው የጻፈው። ማለትም ራሱ ተረጎመው። ማለትም ራሱ አበላሸው።

እጁን ዘርግቶ «ሰላም ሄድቪግ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ። ነሽ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ቲያትር ቤት ሁሉም አንተ፣ አንቺ እንደሚባባል አላጣሁትም። ግን የምትፈቅደው ሴቷ ናት፣ ወይም ትልቁ። ብርጭቆ ይነሳል፣ ክንድ ተቆላልፎ ይጠጣል፣ ከዚያ ነው አንተ፣ አንቺ፤ ወግ አለው። ይኼ ዘሎ ገባ። «ደህና ነኝ፣ ጌታዬ። እርስዎስ?» አልኩት። ልምምድ ላይ ፒያኖ የሚመታልን ቪልሞሽ ሳቁን ዋጠ። ከሱ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረን አርጅተናል፤ ፊቴን አይቶ ያውቀኛል።

ቢሆንም... ዋናዋ ሴት እኔ ነኝ። መበለቲቱ። ስንት ዓመት ሞግዚትና ጠንቋይ ስዘፍን ኖሬ! ዋና ዳይሬክተሩ ፓልማይ እጄን ስሞ «ውድ አርቲስት፣ ይኼ ከሰመረ የሚቀጥለውን ውል እንፈራረማለን» አለኝ። ካልሰመረስ? አልጠየቅኩም። ካልሰመረ ጡረታ ነው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ኖታውን አየሁት። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት መበለት በትንሽ የፍል ውሃ ከተማ የቤቷን ላይኛ ክፍል ለጂኦግራፊ አስተማሪ ታከራያለች። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ይዋደዳሉ፣ አይናገሩትም። ጦርነት ይመጣል፣ እሱ ይዘምታል፣ እሷ በመስኮት ታየዋለች። አለቀ።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ዛላን ግን መጨረሻው ላይ ያስጮኸኛል። ቃል የለም፣ ጩኸት ብቻ። ከኋላዬ በትልቅ ስክሪን የሚነድ ባቡር ይታያል። «ነፍሷ ናት የምትነደው» አለኝ።

«የማን? የባቡሩ?» አልኩት።

አስተማሪውን የሚዘፍነው ሎራንድ ነው። ደህና ድምፅ፣ ደህና ልጅ። ካልዘፈነ ይበላል። ከሱ ጋር ብርጭቆ ካነሳን ቆይቷል፤ እሱ ጠይቆ፣ እኔ ፈቅጄ፣ እንደ ሰው።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

የጀርመንኛውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አወጣሁ። እናቴ ያደገችው ጀርመንኛ በሚነገርበት መንደር ነው፤ መርፌ ሲወጋት የምትሳደበው በጀርመንኛ ነበር። ስድብ ብቻ ቢሆንም መነሻ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ጨረስኩት። ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ደንግጬ ቀረሁ። ሰዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚባባሉት እርስዎ ነው! «ቁርስዎ ቀርቧል።» «ሳልዎ እንዴት አደረ?» እርስዎ፣ እርስዎ፣ እርስዎ... ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በመስኮት፣ አንድ ቃል ትለዋለች። «ተመለስ።» «ይመለሱ» አይደለም። ተመለስ! መጽሐፉ በሙሉ የተጻፈው ለዚህች ቃል ነው። አለቀስኩ፣ ሻዬም ቀዘቀዘ።

ይኼ ነገር በጀርመንኛም አለ፣ በኛም አለ። ምንም ሳይጎድልበት ይሻገር ነበር። የኛ ጎበዝ ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ አንተ፣ አንቺ አሰኝቷቸዋል። እንደ ኳስ ሜዳ ጓደኛሞች! ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚባል ቃል አልቀረውም። ስለዚህ ጩኸት። ስለዚህ ባቡር።

አንብቦታል ግን? ወይስ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ለዛላን ነገርኩት። በጨዋ ደንብ፣ በልምምድ መሀል።

«ዛሬ ማን እርስዎ ይባባላል?» አለኝ።

«እኔና እርስዎ።»

ትንሽ ቀላ። «ሄድቪግ፣ ተመልካቹ ወጣት ነው። እርስዎ የሚባል ነገር ሙዚየም ሙዚየም ይሸታል።»

«ተመልካቹ እንደኔ ጉልበቱን የሚያመው ነው። ወጣቱ ቢራ ቤት ነው ያለው።»

«ደግሞ እርስዎ ሲባል ቃሉ ይረዝማል። ዜማዬ አይችለውም።»

«አንድ ቃል የማይችል ዜማ ምን ይችላል?»

ሎራንድ ሳቀ። ባይስቅ ጥሩ ነበር። ዛላን ኖታውን ሰብስቦ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ፓልማይ ቢሮ አስጠራኝ። «ውድ አርቲስት፣ ከልጁ ጋር አይጣሉ። ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ነው። ሌላ ዘፋኝ ልፈልግ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?»

አንቱ ማለት ሳይማር አንቺ ማለት የጀመረ ልጅ... እኔን ሊያስወጣኝ!

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ሌላ ዘፋኝ? ይፈልጋ! ...አይ። አይፈልግ። ፈራሁ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ከቪልሞሽ ጋር ገበያ ሄድን። የኮመጠጠ ጎመን ገዛሁ። ቆመን ወይን በሶዳ ጠጣን።

«ጡረታ ምን አለው?» አለኝ። «ሐይቁ ዳር ትሄጃለሽ፣ አሳ ትበያለሽ።»

«አንተ ሂድና ብላ።»

«ጣቶቼ ገና ይታዘዛሉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።»

«ድምፄም ይታዘዛል!»

ጮክ ብዬ ነው መሰል ሽንኩርት ሻጩ ዞረ። ቪልሞሽ ክንዴን ያዘኝ። ድምፄ ይታዘዛል፤ ግን እስከ መቼ? ሁለት ዓመት? ሦስት? እነዚያን ዓመታት ቤቴ ተቀምጬ ድንች ስልጥ ላጠፋቸው አልፈልግም። ይኼን ሚና እፈልገዋለሁ። በትክክል ልዘፍነው እፈልጋለሁ። ሁለቱም ይፈቀድልኝ ይሆን?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ምሳ ሰዓት ላይ የልምምድ ክፍሉ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ቪልሞሽን «የዝናቧን ቦታ ምታልኝ» አልኩት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ናት። አስተማሪው ከዝናብ ይገባል፣ እሷ «ኮትህ ረጥቧል፣ ምድጃው ጋ ስቀለው» ትለዋለች። እኔ «ኮትዎ ረጥቧል፣ ምድጃው ጋ ይስቀሉት» ብዬ ዘፈንኩት። ዜማው አነከሰ።

«አንድ ኖታ ጨምሪበት» አለ ቪልሞሽ።

ጨመርኩ። እንደገና። እንደገና... ሎራንድ ጥግ ላይ ቋሊማ ይበላ ነበር። መንከሱን ረስቶ ቀረ። «ሄዲ» አለኝ፣ «አሁን ገና ወደድሽኝ።»

«ዝም ብለህ ብላ።»

ግን ልክ ነው። «ኮትህ» ስለ ኮት ነው። «ኮትዎ» ስትል፣ ሴትየዋ እጇን ኪሷ ውስጥ አስራ እንደያዘች ይታወቃል።

ዘወር ስል ዛላን በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ? አንገት ልብሱን አስተካክሎ ሄደ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

አዲስ ኖታ ታደለን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እርስዎ! የጨመርኳት ኖታ ሳትቀር ገብታለች። ጩኸቱ ወጥቷል። በቦታው አንድ ቃል አለ፣ «ተመለስ»። ባቡሩ ብቻ አሁንም ይነድዳል፤ ለስክሪኑ ቀድሞ ተከፍሎበታል አሉ።

ዛላን መሀል ቆመና «አንድ ሐሳብ መጣልኝ» አለ። መጣልኝ! በምን? በአውቶብስ? አፌን ስከፍት ቪልሞሽ እግሬን ረገጠኝ። «የፈለግሽውን አግኝተሻል፣ ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ።

ዝም አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ሌባ መሆኑ ግን አልቀረም።

ሰኞ፣ ማርች 10

አፌ እርስዎን ለምዷል። ሳህን ሳጥብ እርስዎ፣ ትራም ላይ እርስዎ። ዛሬ ደረጃ ላይ የጎረቤቴን ውሻ «ይቀመጡ» አልኩት። ተቀመጠ። ከዛላን ይሻላል።

ሎራንድ ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ሳተ። እኔ አንድም። በዘፈንኩበት ዘመን ሁሉ መድረክ ላይ ቃል ስቼ አላውቅም። ይኼን ሁሉም ያውቃል።

እሑድ፣ ማርች 23

መጻፍ አልፈልግም።

ሳትኩ።

የመክፈቻው ምሽት፣ ሁለተኛው ክፍል፣ ዝናቡ። እስከዚያ ድረስ አዳራሹ እጄ ላይ ነበር። የሚያስል የለም። ሎራንድ ገባ። ኮቱ በእውነት ውሃ ያንጠባጥባል፤ የአልባሳት ሰዎች አብዝተውበታል። አየሁት። አሳዘነኝ። እና አፌ «ኮትህ ረጥቧል» አለ።

ኮትህ! የሎራንድ ዓይን ፈጠጠ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ነፋስ አለፈ። ሰምተዋል። ቀጥዬ «ይስቀሉት» አልኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ካፈሰሱ በኋላ... አንድ ምሽት ሙሉ የቆጠብነውን ቃል መሀል መንገድ ላይ በተንኩት። መጨረሻ ላይ በመስኮት «ተመለስ» ስል የተላመጠ ማስቲካ ሆነብኝ።

አጨበጨቡ። ለምን እንደሚያጨበጭቡ እነሱም አያውቁም። የልብስ ክፍሌን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ዛላን አንኳኳ። አልከፈትኩም። ምን ብዬ? ሁለት ወር ሙሉ ደደብ፣ ሌባ፣ አንገት ልብስ ስለው ኖሬ... እሱ የጻፈው ልክ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ቪልሞሽ በጠዋት ደውሎ «ጋዜጣ ግዢ» አለኝ። «ምን ብለው ሰደቡኝ?» «ግዢ ብቻ።»

ልገልብጠው፦ «የምሽቱ ታላቅ ግኝት የመበለቲቱ ምላስ ለአንድ ሐረግ የምታመልጥበት ቅጽበት ነው። ‹ኮትህ› ትላለች፤ ወዲያው ደንግጣ ወደ እርስዎ ትመለሳለች። አቀናባሪው የአንዲት ሴትን ልብ በአንዲት ፊደል ገለጠው።»

ደንግጣስ ደንግጣለች! አቀናባሪው ግን ምን አገባው?

ከሰዓት በኋላ ሥጋ በጎመን ቅጠል እየጠቀለልኩ ሬዲዮ ከፈትኩ። ዛላን ነው። «ያቺን ‹ኮትህ› እንዴት አገኟት?» አለች ጋዜጠኛዋ፣ በአድናቆት ልትቀልጥ ደርሳ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ለወራት አስቤበታለሁ» አለ።

ለወራት! ማንኪያው ከእጄ በረረ። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ፣ ወንበር ላይ እስክቀመጥ ሳቅሁ። ኖታ የሚሰርቅ አይቻለሁ። ሐሳብ የሚሰርቅ አይቻለሁ። የሰው ስህተት የሚሰርቅ ግን... በርሊን ያስተማሩት ይኼን ነው?

ረቡዕ፣ ማርች 26

ፓልማይ ቢሮ። እጅ ተሳመ፣ ወንበር ተሳበ። «ነገ ልክ እንደ መክፈቻው ይሁን፣ ውድ አርቲስት። ሰዉ ቲኬት የሚገዛው ለ‹ኮትህ› ነው። ውልዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ዓርብ ብቅ ይበሉ።»

«ኖታው ላይ ያለው ግን ‹ኮትዎ› ነው።»

«ኖታውን ማን ያያል?»

ኮሪደር ላይ ዛላን ጠበቀኝ። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። «ሄድቪግ፣ ያቺን ትደግሚልኛለሽ አይደል?»

«እርስዎ ለወራት ያሰቡባትን?»

ጆሮው ቀላ።

ቤቴ መስታወት ፊት ሞከርኩት። ሆን ብሎ መሳሳት... አይሆንም። የውሸት ሳል ነው የሚመስለው። ቅዳሜ ያመለጠኝ ስላሳዘነኝ ነው፤ ማዘንን በሰዓት ማዘዝ አይቻልም። ደግሞ በየምሽቱ ቃሉን መሀል ላይ ከሰጠሁ ለመስኮቱ ምን ይቀራል?

ቀላል ነው። «ኮትህ» ካልኩ ውል አለኝ። «ኮትዎ» ካልኩ የለኝም። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሚና... ለአንድ ፊደል? ማን ያመሰግነኛል? ማንም።

ዓርብ፣ ማርች 28

ኮትዎ አልኩ።

ትናንት ማታ መድረኩ ላይ እስክወጣ አልወሰንኩም ነበር። ሎራንድ እየተንጠባጠበ ገባ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ጠበቁ፣ ጋዜጣ አንብበው የመጡ ናቸው፣ አንገታቸው ሁሉ ሰግጓል። «ኮትዎ ረጥቧል» አልኩ። «ምድጃው ጋ ይስቀሉት።» አንዷ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አንሾካሾከች፣ ቅር ብሏት። ይበላት።

መጨረሻው ደረሰ። መስኮቱ። ከኋላዬ ያ የማይረባ ባቡር ይነድዳል። ቃሉ አፌ ውስጥ ሙሉውን አለ፣ ማንም አልነካውም። «ተመለስ።»

አላጨበጨቡም። ረዥም ጊዜ። የኦርኬስትራው መሪ ዱላውን እንዳነሳ ቀረ። አንድ ሰው ሳለ፣ እሱም አፍሮ አቆመ። ለዚህ ነው የዘፈንኩት። ለዚህ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የዘፈንኩት።

ወደ ጎን ስወጣ ዛላን መጋረጃው ሥር ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምን?» አለኝ። «ለምን ተውሻት?»

ያን ጊዜ የታሰረው ሁሉ ተፈታ። «አንተ ሌባ!» አልኩት። የመድረክ ሠራተኛው፣ መዘምራኑ፣ ሎራንድ፣ ሁሉም ሰማ። «ሐሳቤን ሰረቅህ፣ ዝም አልኩ። ኖታዬን ሰረቅህ፣ ዝም አልኩ። ስህተቴን እንኳ አትተውልኝም?»

አንገት ልብሱን ፈታው፣ መልሶ አሰረው። ከዚያ ቀስ ብሎ «አንተ አሉኝ» አለ።

አሉኝ! እኔ አንተ ስለው እሱ እርስዎ ጀመረ። ይኼ ልጅ አንድም ነገር በጊዜው አያደርግም።

«አርቲስት...» አለ፣ «‹ተመለስ› ሲሉ እኔ የጻፍኩት መሆኑን ረሳሁት።»

«አንተ አልጻፍከውም።»

«አዎ» አለ። «እሱንም አልጻፍኩም።»

ሎራንድ ከየት እንዳመጣው እንጃ ፓሊንካ፣ የፍራፍሬ አረቄ፣ ይዞ ደረሰ። ጠጣን። ዛላን ክንዱን ለመቆለፍ ከፍ አደረገ። አልቆለፍኩለትም። አንድ ቀን ምናልባት።

እሑድ፣ ማርች 30

ፓልማይ ደወለ። ውሉን ከጠረጴዛው አንስቶታል። «ጁን ላይ የሚያምር ስንብት እናዘጋጅልዎታለን፣ ውድ አርቲስት። አበባ፣ ንግግር...» እስከዚያ ግን «ኮትህ» እንድል ይለምናል። ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ለራሴ የምጽፈው ስለሆነ አልዋሽም፤ ብዙ አለቀስኩ። አበባ እጠላለሁ።

ከዚያ ዛላን ደወለ። ሰምቷል። «ሬዲዮ ገብቼ እውነቱን ልናገር? ኮትህ የእርስዎ ስህተት ነበረች፣ እኔ አላሰብኳትም ልበል? ምናልባት ፓልማይ...»

«ዋ! እንዳታደርገው!»

«እንዴ፣ ለምን?»

«መድረክ ላይ ቃል ስታ የማታውቅን ሴት በሬዲዮ ልታዋርዳት ነው? አገር እየሰማ?»

ገባው መሰለኝ። «ታዲያ ውሸቱስ?» አለ።

«አንተው ያዘው። አንተ ትሻላለህ፣ ለምደኸዋል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አፍንጫዬ ገና በልቅሶ እንደተደፈነ። ሌብነቱን ለሁለት ተካፈልን ማለት ነው። ንቀቴ የት ሄደ? አለ፣ አልሄደም። ግን አሁን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ እሱም ሰምቶ መልሶ ይደውላል። ወረቀት ላይ ብቻ ከመጻፍ ይሻላል።

ማክሰኞ ሦስተኛው ምሽት ነው። ከዚያ እስከ ጁን ጥቂት ምሽቶች አሉኝ። ፓልማይ ከእንግዲህ የሚወስድብኝ ነገር የለውም።

ኮትዎ ነው የምለው።